ለደስታዎ ይደውሉልን

ያቺ የድንኳን ጥግ አሁንም አላርፍ አለች። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሮዝ ገበሯ ከሸራው ተላቆ ይርገበገባል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ጥቂት ዝም ትልና ደግሞ ትጀምራለች። ማናለብሽ ደጃፏ ላይ በተነጠፈላት ፍራሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ለቅሶ ደራሹ «እግዜር ያጥናሽ» ሲላት «አሜን» ትላለች፤ ዓይኗን ግን ከዚያች ጥግ መንቀል አቅቷታል። ትላንት ከባሏ ቀብር መልስም እሷኑ ስታይ ነው ያመሸችው።

«ምናለ አንዱ ወንድ ተነስቶ ቢያስራት!» አለች ጎረቤቷ ዘውድነሽ፣ የንፍሮውን ሳህን ወደ ሌሎቹ ሴቶች እያሳለፈች። «ጆሮዬን በላችው።»

«ተያት።»

«ኧረ እኔው ልነሳና…»

«ተያት አልኩሽ ዘውዴ! ማንም እንዳይነካት።»

ዘውድነሽ አየት አደረገቻትና ሳህኑን ማሳለፏን ቀጠለች። ሐዘንተኛ ቢቆጣም ቢነጫነጭም ይታለፍለታል፤ ለቅሶ ቤት ካሉት ጥቂት መልካም ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰዉን ሲያንሾካሹክ ያዋለው የጥጓ ነገር አልነበረም። ድንኳኑ እንዳለ የሰርግ ድንኳን ነው። ከውስጥ ሮዝ ገበር ከነወርቃማ ዘርፉ ለብሷል። ከውጭ በመንገዱ በኩል ደግሞ ከሩቅ እንዲታይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «ይኸነውና ማናለብሽ የድንኳን ኪራይ፤ ለደስታዎ ይደውሉልን» ይላል፤ ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ። የስልኩ ባለቤት ትላንት ተቀብሯል። ከጥሊሊ ለለቅሶ የመጡ ዘመዶች ከባጃጅ ሲወርዱ ጽሑፉን አንብበው፣ ቤት የተሳሳቱ መስሏቸው አልፈው ሄደው ነበር። እዬዬውን ሰምተው ነው የተመለሱት።

ይኸነው ቢኖር እንዲህ አይሆንም። እሱ ድንኳኑን ለሐዘን ሲያወጣው ገበሩን አንድ በአንድ ፈትቶ ያወልቃል፣ ጽሑፉን በነጭ አቡጀዲ ይጋርዳል፣ ሐዘንተኛውን ሳያስጨንቅ ተክሎ ሹልክ ይላል። ግን ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ሟቹም እሱ ሆነ። ትላንት ማለዳ ጎረቤቶቹ ድንኳኑን ከጓሮ አውጥተው ሲታገሉ ምሰሶው አልገጥም አላቸው። አንዱን ሲያቆሙ ሌላው ይወድቃል። በመጨረሻ ማናለብሽ ደረቷን ስትደቃ ከነበረበት ተነስታ፣ እንባዋን በነጠላዋ እያበሰች፣ «ኧረ እሱ የመሃሉ ነው! ቀይ ቀለም ያለበትን ወደ መንገድ አድርጉት!» እያለች ራሷ አስተከለችው። ባሏ እቤት ውስጥ እየተገነዘ እሷ ውጭ ምሰሶ ታስቆማለች። ይህንንም ወሬ ያደረጉት ሰዎች አልጠፉም።

ሌላ ቤት ቢሆን ይህን የሚያደርገው እድር ነው። ዳንግላ ውስጥ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በማለዳ መንደሩን ዞሮ ይለፍፋል፤ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ አስከሬን ይሸከማል። ሐዘንተኛ ያለቅሳል እንጂ ካስማ የት እንደሚገባ አይጠየቅም። ለይኸነው ግን ጥሩምባ አልተነፋለትም። እድር የለውማ! ራሱ ነው ጥሎት የወጣው።

በድንኳኑ ውስጥ፣ ከወንዶቹ መሃል፣ ከዚያች ጥግ ባልተናነሰ ማናለብሽን እረፍት የነሳት አንድ ሰው ነበር። አዝመራው ይባላል፤ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ያለ ገበሬ ነው። ትላንት ለቀብር መጣ። ዛሬ ደግሞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመልሶ መጥቶ የፕላስቲክ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ባርኔጣውን በጣቶቹ ያዞራል፣ ገበሩን ቀና ብሎ ያያል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ይተነፍሳል።

«እንዲህ የሚያዝንለት ወዳጅ ነበረው ለካ» አለች ዘውድነሽ በሹክሹክታ።

ማናለብሽ ግን ሰውየው ለምን እንደመጣ ታውቃለች። የፊታችን እሑድ ሁለተኛ ልጁን ይድራል፤ ድንኳኑን ከይኸነው ጋር ከተነጋገሩ ሁለት ወር አልፏል። ቅዳሜ ጠዋት ተጭኖ መሄድ አለበት። ቅዳሜ ነገ ነው። ነገ ደግሞ የይኸነው ሰልስት ነው። እንደ ድሮው ቢሆን ደውሎ ይጠይቃል፤ ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ። መጥቶ እንዳይጠይቅ ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሟችን ድንኳን አምጡ የሚል ሰው ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ እየመጣ ቁጭ ይላል።

ድንኳኑ ከሄደ የይኸነው ሰልስት ሜዳ ላይ ይሆናል፤ በግንቦት የአዊ ሰማይ ደግሞ አይታመንም። ድንኳኑ ካልሄደ የይኸነው ቃል ይታጠፋል። እነሱ ያላቸው አንድ ድንኳን ብቻ ነው። በመንደሩ ሌላ ድንኳን ያለው እድሩ ነው። እድሩን መለመን ደግሞ ይኸነው ሦስት ዓመት ሙሉ የታበየበትን ነገር ገና አፈሩ ሳይደርቅ ማፍረስ ነው። ማናለብሽ ከነዚህ ሦስት ነገሮች አንዱን ይዛ ሌላውን ስትለቅ፣ የለቀቀችውን ስትይዝ አደረች። አሁንም እዚያው ናት።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረውም ከዚያው ከእድሩ ነበር።

ይኸነው ያኔ ጋሪ ይነዳ ነበር፤ እህልም ሰውም ያመላልሳል። ሃያ ዓመት ሙሉ የእድሩን ድንኳን ሲተክሉ ከፊት የሚቆም እሱ ነው። ድንኳኑ ሲቀደድ ደግሞ የምትሰፋው ማናለብሽ ናት፤ ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር ስፌት መኪና ነበራት። አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ከእንጅባራ አንድ ሰው መጥቶ ለልጁ ሰርግ የእድሩን ድንኳን ለመነ። ሽማግሌዎቹ ሊመቱት ምንም አልቀራቸው። «የለቅሶ ድንኳን ለሰርግ! ልጅህን ጠልተሃት ነው?» ብለው መለሱት።

ይኸነው የዚያን ቀን እራቱን በወጉ አልበላም። ሲቁነጠነጥ ቆየና፣ «ማኔ፣ ድንኳን ትሰፊልኛለሽ?» አላት።

«ሌላ ድንኳን ምን ሊሰራልን?»

«የደስታ ድንኳን ነዋ! ለለቅሶው እድር አለው። ለሰርጉ ማን አለው?»

በሳምንቱ ፈረሱን ሸጦ ከባሕር ዳር ሸራ ገዝቶ መጣ። አገር ጉድ አለ። «ፈረስ ሸጦ ጨርቅ የገዛ» የሚል ስም ወጣለት። ማናለብሽም ለፈረሱ አልቅሳለች፤ ስሙን እየጠራች የምትመግበው ፈረስ ነበር። ግን አልቅሳ ስታበቃ መቀሷን አነሳች። ሸራው ቤቱን ሞልቶ እስከ ደጅ ወጣ። እሷ መሃሉ ተቀምጣ ትሰፋለች፣ እሱ ከማዶ ይዞ ይገፋላታል፣ መርፌው በየመሃሉ ይሰበራል። ለምሰሶ ከእንጅባራ አካባቢ ቀርከሃ አመጡ። የመጀመሪያው ሰርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ገና ሳይቀመጡ፣ ነፋስ ድንኳኑን ከነቀርከሃው ነቅሎ ድንች ማሳ ውስጥ ጣለው። ሚዜዎቹ ከነሱፋቸው ሮጠው አመጡት። ይኸነው የቀረውን ቀን አንዱን ገመድ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ እንደ ካስማ ተተክሎ ዋለ። የሙሽራዋ አባት በዚያ ደስ ብሎት ለጎረቤቱ አወራ፣ ጎረቤቱም ለልጁ ሰርግ ጠራቸው። ሥራቸው እንዲህ ተስፋፋ።

ቀርከሃው በብረት ተተካ። ወንበር ተጨመረ። ሮዙ ገበር መጣ። ከሰርግ በኋላ የወጥ ጠብታ ከገበሩ ላይ ለማስለቀቅ ሁለቱም ገንዳ ዙሪያ ተቀምጠው ያሻሉ፤ እሱ ከጠብታው ተነስቶ የድግሱን ዓይነት ይተነትንላት ነበር። «ይቺ የዶሮ ናት። እዚህ ጋ የተቀመጠው የሙሽራው አጎት ነው።» ልጅ አልወለዱም። መንደርተኛው ሲቀልድባቸው «ድንኳን ወለዱ» ይል ነበር። ይኸነው አይቀየምም። አንድ ሰው ከቀጠረ ዝናብ ቢዘንብ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ጋሪ ቢሰበር፣ ድንኳኑ በሰዓቱ ይደርሳል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሲጠይቁት፣ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ ደግሞ የወለድኩት የለኝም፤ ያለኝ የተናገርኩት ብቻ ነው» ይላል።

ማናለብሽን ከትላንት ጀምሮ የሚወጋት ይቺ ንግግሩ ናት።

«ስማኝ ደረሰ» አለችው፣ አጠገቧ የተቀመጠውን የባሏን ታናሽ ወንድም። ከገጠር ነው የመጣው፤ ከወንድሙ ሞት ወዲህ አልፎ አልፎ በአገውኛ ከማንጎራጎር በቀር ብዙም አልተናገረም። «ድንኳኑ ነገ ጠዋት መሄድ አለበት።»

«ወዴት?»

«ለእኚያ ሰውዬ። እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ። ወንድምህ ቃል ሰጥቷቸዋል።»

ደረሰ ዘወር ብሎ አያት። «ነገ ሰልስት ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«የወንድሜን ድንኳን ከላዩ ላይ ገፈሽ ለጭፈራ ልትልኪ?»

«የሱ ድንኳን ለጭፈራ ነው የተሰፋው። ላዩ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው።»

«ቃሉን የሰጠው ሰው ሞቷል፣ እቴ።»

«ሰውየውማ ሞቷል» አለች። «ቃሉንም ጨምሬ ልቅበረው?»

ደረሰ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበና ሌላ ምክንያት ፈለገ። «እሺ፣ እነሱስ ቢሆኑ ለቅሶ የዋለበት ድንኳን ምን ያደርግላቸዋል? ገድ የለውም።»

«እኛ ከለቅሶ ቤት ተነስተን ሰርግ ቤት የምንሄደው እግር ቀይረን ነው?»

ነፋሱ ተነሳ፣ ያቺ ጥግ ታጨበጭብ ጀመር። ደረሰ ንዴቱን የሚወጣበት ነገር በማግኘቱ ደስ ያለው ይመስል ብድግ ብሎ ወደሷ አመራ።

«ደረሰ!» ብላ ጮኸች ማናለብሽ። ንፍሮ የሚቅመው ሁሉ ቀና አለ። «እሷን እንዳትነካት። ቁጭ በል።»

ከትላንት ወዲያ፣ ረቡዕ አመሻሽ ነበር። ይኸነው ሸራውን ጓሮ ውስጥ ዘርግቶ ለአዝመራው ልጅ ሰርግ ገበሩን ሲያስር፣ ማናለብሽ ከጎኑ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ገበሩ ከሸራው ጋር የሚያያዘው በትንንሽ ማሰሪያ ነው። ይኸነው የሚቋጥረው ቋጠሮ አለ፤ ጫፉን አንዴ ሳብ ሲያደርጉት ውልቅ ይላል። ማናለብሽ «የሰነፍ ቋጠሮ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ፣ «ደስታ ሲያልቅ ሰው ይደክማል፤ ለደከመ ሰው ቋጠሮ ማጥበቅ ግፍ ነው» ይላል። ሦስቱን ጥግ ጨርሶ ወደ አራተኛው ሲሄድ ቆም አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ምነው?»

«ጨምደድ አደረገኝ። ብርዱ ነው መሰለኝ።»

«ተው ግባ በቃ፣ እኔ አስረዋለሁ።»

«አደራ እንዳትነኪብኝ! አንቺ የቋጠርሽውን ለመፍታት ካራ ያስፈልጋል። ነገ አስራታለሁ።»

ገብቶ ተኛ። ማለዳ ስትቀሰቅሰው ቀዝቅዞ አገኘችው። ጥጓን ማንም እንዳይነካ የከለከለችው ለዚህ ነው፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። ብትናገርስ ምን ትላለች? የአንዲት ማሰሪያ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ በኩል ደመናው ጠቆረ። አዝመራው አሁን ባርኔጣውን ማዞር ትቶ ሰማዩን ብቻ ያያል። በአጥሩ ስር ካለው ድንጋይ ላይ ደግሞ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ፀጋው ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትላንትም እዚያው ነበሩ። ኑ ግቡ ሲባሉ «እዚህ ይሻለኛል» ይላሉ። ከይኸነው ድንኳን ስር፣ ከይኸነው ወንበር ላይ ላለመቀመጥ መሆኑን ያልገባው አልነበረም።

ፀቡ የተነሳው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ አንድ መምህር እናቱ ሞተችበት። ገና እድር አልገባም። ይኸነው ገበሩን አውልቆ፣ ጽሑፉን ጋርዶ ድንኳኑን ተከለለት። በሳምንቱ እድሩ ተሰበሰበ።

«ሰርጉን ስታከራይ ዝም አልንህ» አሉ ጋሽ ፀጋው። «አሁን ደግሞ ወደ ለቅሶው መጣህ። ሰው ድንኳን መከራየት ከቻለ እድር ማን ይገባል? ነገ ቀባሪም ልታከራይ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ይኸነው በሥራው ሲቀለድበት ይችላል፤ በጉባኤ ሲሳቅበት ግን አይችልም። «ድንኳኑም የኔ፣ ወንበሩም የኔ! እድር ለምኔ?» ብሎ ጥሎ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ አጣ።

«እድር ማለት ድንኳን መሰለህ?» ብላው ነበር ማናለብሽ የዚያን ቀን። ከዚያ ወዲህ በማለዳ ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር ከአልጋው ቀና ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ «ማን ይሆን?» ይላል። አካፋውን ይዞ ይወጣል። «ለመቆፈር እድር አያስፈልግም» ይላል። ቆፍሮ ሲጨርስ እድርተኛው በአንድ በኩል ይሰበሰባል፤ እሱ አካፋውን ተደግፎ ለብቻው ይቆማል። ማናለብሽ ከሴቶቹ መሃል ሆና ታየዋለች። ኩሩ ባል ያላት ሴት ቀብር ላይ ለሟቹ ብቻ አይደለም የምታለቅሰው።

ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ከፍራሹ ተነሳች።

«የት ነው?» አለች ዘውድነሽ ነጠላዋን ይዛ። «ማኔ! ሐዘንተኛ አይነሳም፣ ሰው ምን ይላል!»

«ያለውን ይበል።»

በወንዶቹ መሃል አልፋ ሄደች። ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። አጥሩ ጋ ስትደርስ ጋሽ ፀጋው ሊነሱ ሞከሩ፤ እጇን አንስታ አስቀረቻቸውና መሬቱ ላይ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሽ ፀጋው፣ ለነገ የእድሩን ድንኳን ስጡኝ።»

ሽማግሌው ወደ ሮዙ ገበር ተመለከቱ። «ድንኳን አለሽ እኮ።»

«እሱ ሰርግ ይሄዳል። ይኸነው ቃል ገብቶበታል።»

«እድሩ የአባል ነው፣ ልጄ። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ድንኳኑንም አውቀዋለሁ፤ ያልጣፍኩት ቦታ የለውም። እሱ ተናግሯል፤ እኔ ግን አልተናገርኩም። የሱን አፍ በኔ ላይ አይቁጠሩብኝ።»

ጋሽ ፀጋው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። ሲናገሩ ግን የተናገሩት ሌላ ነገር ነበር።

«ባለፈው ክረምት እህቴ የሞተች ጊዜ ድንኳናችን እንዴት እንዳፈሰሰ ታስታውሻለሽ? ሰዉ ጃንጥላ ዘርግቶ ነበር ያመሸው። በማግስቱ ስንነሳ ከላዩ አዲስ ሸራ ለብሶ አገኘነው። ማን እንዳለበሰው ያየ የለም።»

ማናለብሽ አስታወሰች። ያን ሰሞን ትርፉ ሸራቸው ከጓሮ ጠፍቶ ስትጠይቀው፣ ይኸነው «ተከራይቷል» ብሏት ነበር። ለማን ብላ አልጠየቀችም።

«ልናወርደው ስንል ቋጠሮው አንዴ ሲስቡት ይፈታል» አሉ ሽማግሌው። «ያን ቋጠሮ ሃያ ዓመት ስፈታው ኖሬያለሁ። ግን ምን ብዬ ልሂድበት? አንተ ነህ ብለው ይክደኛል። አወቀብኝ ብሎም ይናደዳል። ዛሬ ነገ ስል…» ቀሪውን ዋጡት። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «እድርተኛውን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥሽም። ብቻዬን አልወስንም።»

ሄዱ። እሺም እንቢም አላሉም። ማናለብሽ አቧራዋን አራግፋ ቀጥታ ወደ አዝመራው ሄደች። ሰውየው ደንግጦ ቆመ።

«ነገ ጠዋት ጋሪ ይዘው ይምጡ፣ ጋሼ አዝመራው።»

«ኧረ በስመአብ! እኔ ለቅሶ ልደርስ ነው…»

«አውቃለሁ ለምን እንደመጡ።»

ሰውየው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ። ዓይኑ ቀላ። «እኔስ ዳስ እንጣል ብዬ ነበር፣ እቴ። አምና የትልቋ ሰርግ ላይ ዝናብ መጥቶ ዳሱ ሙሽራዋ ላይ ወረደባት። ታናሿ ያንን ስላየች ‹ዳስ ከሆነ አላገባም› ብላ ቁጭ አለች። ለይኸነው ይህን ስነግረው ሳቀና ‹ከኔ ድንኳን ሥር አንዲት ጠብታ ከነካቻት ከነነፍሴ ቅበረኝ› አለኝ።» የተናገረው ኋላ ታወቀውና አፉን በእጁ ያዘ።

ማናለብሽ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ንግግሩ ቁርጥ የሱ ነው።

«የእናንተስ?» አለ አዝመራው። «ሰልስቱስ?»

«የእድሩ ድንኳን መጣም ቀረም፣ እርስዎ ጋሪዎን ይዘው ይምጡ።»

አመሻሹን ዝናቡ ወረደ። ጠብታ አልገባም። ሰዉ ተበትኖ ሲያልቅ ማናለብሽ ፍራሿ ላይ ጋደም ብላ፣ ነገ ሜዳ ላይ ስለሚቀመጡት ሽማግሌዎች፣ ስለዝናቡ፣ ስለሐሜቱ እያሰበች ተገላበጠች። ተሳስቼ ይሆን? እሱስ ቢሆን የራሱን ሰልስት ሜዳ ላይ ጣይልኝ ይላል? ይላል። እሱ ይላል። ይህን ስታውቅ በሟቹ ተናደደችበት፤ ናፍቆቱ ግን ከንዴቱ ባሰባት።

ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ተነፋ።

ቀና አለች። ትንፋሿን ዋጠች። «ማን ይሆን?» አለች። ለማን እንደተናገረች የገባት አጠገቧ ባዶ ሲሆንባት ነው። ጥሩምባው ከላይ ሰፈር እየቀረበ መጣ፤ ከኋላው የነፊው ጎርናና ድምፅ ተከተለ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእድርተኛችን የይኸነው ሰልስት ነው! ወንድ ካስማና መዶሻ ይዘህ፣ ሴት ውሃና እንጨት ይዘሽ ውጡ! የቀረ ይቀጣል!»

«እድርተኛችን አለ?» አለች እቤቷ ያደረችው ዘውድነሽ ከመኝታዋ ብድግ ብላ። «እድርተኛችን ነው ያለው፣ ማኔ?»

ማናለብሽ እስካሁን እንዲህ አድርጋ አላለቀሰችም ነበር። ትላንትና ከትላንት ወዲያ ያለቀሰችው የሰው ዓይን እያየ፣ ሌላውን ነገር እያሰበች ነበር። አሁን ግን ፊቷን ጋቢው ውስጥ ቀብራ፣ ጋቢው የሱ ነበር፣ እስኪደክማት አለቀሰች። ጥሩምባው በየመንገዱ እየዞረ «የቀረ ይቀጣል!» እያለ ራቀ።

እድርተኛው መጣ። ከፊት ጋሽ ፀጋው አሉ፤ ከኋላቸው ያ አሮጌ ድንኳን በአራት ሰው ትከሻ ላይ ተጭኗል። ማናለብሽ ገና ከሩቁ የጣፈቻቸውን ቦታዎች ለየች፤ ያ ጥቁር ክር ያለቀባት ቀን የጣፈችው ነው፣ ያ ደግሞ ከጋሪው ከረጢት ቀድዳ የለጠፈችው። አሮጌው በጓሮ በኩል ሲቆም፣ ሮዙን ለማውረድ ተሰማሩ። ደረሰ ምንም ሳይል ካስማ እየነቀለ ያቀብል ጀመር። ጋሽ ፀጋው ዙሪያቸውን አዩና ከይኸነው የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን ስበው፣ ከአሮጌው ድንኳን ሥር አስገብተው፣ ተቀመጡበት።

የአዝመራው ጋሪ በሩ ላይ ቆሟል። ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ገበሩ ወደ ላይ ሆኖ፣ ሊጠቀልሉት ሲያጎነብሱ ማናለብሽ «ቆይ» አለች።

ሁሉም ቆሙ። ወደ አራተኛዋ ጥግ ሄዳ ተንበረከከች። ማሰሪያዋ ከሸራው ጠርዝ ውጭ ተንጠልጥላ ስላደረች በትላንት ማታው ዝናብ ረጥባለች። ጣቶቿ የለመዱት የልብስ ሰፊ ቋጠሮ ነው፤ መጀመሪያ በልማድ አጠበቀችው። ከዚያ አየችውና በጥርሷ ፈታችው። እንደገና፣ በዝግታ፣ እሱ ሲያደርግ ሺህ ጊዜ እያየች የሳቀችበትን ዓይነት ቀለበት ሠራች፣ ጫፉን በውስጡ አሳለፈች፣ ለሚፈታው ሰው እንዲመቸው ትንሽ አስረዝማ ተወችው።

«እሑድ ማታ ሲያወርዱት» አለች አዝመራውን ሳታየው፣ «ይቺን ጫፍ ሳብ ማድረግ ነው። ካራ አያስፈልግም።»

ተነስታ መንገድ ለቀቀችላቸውና ሸራውን ጠቅልለው ጋሪው ላይ ጫኑት።